ሾፕ ድሮዊንግ ምንድን ነው? ፋብሪካው ሲዘጋስ የት ይገባል?

ባሕር ዳር ውስጥ በየቀኑ የማልፍበት አንድ ሕንፃ አለ። ፊቱ በሙሉ በኮንክሪት ሰሌዳ የተለበሰ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከቀኝ ሁለተኛዋ ሰሌዳ ከሌሎቹ ነጣ ትላለች። ሰፈሩ የየራሱ ትንታኔ አለው። ባጃጅ ነጂዎቹ «ቀለም አልቆባቸው ነው» ይላሉ። ታች ቡና የምታፈላዋ ልጅ ደግሞ ፀሐይ ነው ትላለች። እኔም ለዓመታት ፀሐይ ነው ብዬ አልፌዋለሁ፤ ፀሐይ እንዴት አንዲቷን ብቻ መርጣ እንዳነጣቻት ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

ወደ ሰሌዳዋ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቃሉን እንፍታው።

ፕላን ሲባል ትዝ የሚለን ማዘጋጃ ቤት የሚያጸድቀው ነው። አርክቴክቱ ይሠራዋል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ግንባታው ይጀመራል። ያ ወረቀት ሕንፃው ምን እንደሚመስል ይነግርሃል። የፊት ግድግዳው ጋ ሲደርስ «የኮንክሪት ልባስ» ብሎ አንድ መስመር አስምሮ ያልፋል። ሥራው እስከዚያ ነዋ። ሰሌዳውን የሚያመርተው ፋብሪካ ግን በአንዲት መስመር ምን ይሠራል? ስለዚህ ተቀምጦ የራሱን ይሥላል፦ እያንዳንዷ ሰሌዳ ስንት በስንት ናት፣ ስንት ቁጥር ፌሮ ገባባት፣ ፌሮው ከፊቷ ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፣ ክሬኑ በየት በኩል ያነሳታል፣ ከሶሌታው ጋር በስንት ብሎን ትታሰራለች፣ ከጎረቤቷ ጋር ስንት ክፍተት ይኑራትና ክፍተቱ በምን ይደፈን። ሾፕ ድሮዊንግ ማለት ይኼ ነው። «የሥራ ንድፍ» የሚሉትም አሉ፤ ሳይት ላይ ግን ሾፕ ድሮዊንግ ካላልክ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።

ይኼ ሁሉ ዝርዝር ለምን? ክብደት ነዋ። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2,400 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቁመቷ 3 ሜትር፣ ወርዷ 1 ሜትር ተኩል፣ ውፍረቷ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሰሌዳ ውሰድ። 1,080 ኪሎ ትመጣለች። ወደ አሥራ አንድ ኩንታል ጤፍ ማለት ነው። አሥራ አንድ ኩንታል ከመንገደኛ ራስ በላይ በጥቂት ብሎን ተንጠልጥሎ ይኖራል። ብሎኑም ከኋላ ነው፣ ከመንገድ ሆነህ አታየውም። ዝገት ጀምሮት ቢሆንም አታየውም። የት እንዳለ የሚያውቀው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ደግሞ እየው። ኒውዮርክ ያለው 59 ፎቁ የድሮው የፓን አም ሕንፃ በፈረንጆች 1963 ሲያልቅ ወደ 9,000 የሚጠጋ የኮንክሪት ሰሌዳ ለብሶ ነበር። ዘጠኝ ሺህ! እያንዳንዷ ቁጥር አላት፣ እያንዳንዷ የምትሰቀልበት ቦታ አላት። ያለ ንድፍ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ይጠግነዋል?

አርክቴክቱ ቢሞት እንኳ ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ሊገኝ ይችላል፣ ባለቤቱም ኮፒ አያጣም። ሾፕ ድሮዊንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው የግል ዕቃ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኑ በጨረታ ይሸጣል፣ ብረቱ በኪሎ ይሄዳል፣ ግቢው ለሌላ ይከራያል። ወረቀቱን የሚጫረት የለም። ስለዚህ የሚጠፋው በክፋት አይደለም፣ «የማን ነው?» የሚል ሰው በመጥፋቱ ነው።

ሲጠፋ ምን እንደሚከተል እንግሊዞች ደህና አድርገው ያውቁታል። በፈረንጆች 2023 ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው ከመቶ በላይ ትምህርት ቤቶች ሕንፃዎቻቸውን ወይም ከፊሉን እንዲዘጉ ተነገራቸው። ጣጣው አየር የተሞላ ቀላል ኮንክሪት ነው፤ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት በፋብሪካ ተመርቶ ጣራ ላይ የተነጠፈ። ከጥገናው በፊት የነበረው ራስ ምታት ደግሞ የትኛው ሕንፃ ላይ እንዳለ ማወቅ ነበር። መንግሥት ለትምህርት ቤቶቹ መጠይቅ ልኮ «እናንተ ጋ አለ ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀው። የሠራው አገር መልሶ የተማሪ ቤት ኃላፊ ይጠይቃል። ወረቀት ቢኖር ግማሹ ድካም ይቀር ነበር።

እውነቱን ለመናገር ወረቀትም ሁሉን አይናገርም። በ1960 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በፈረንጆች 1968 መሆኑ ነው፣ ለንደን ውስጥ ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ አንድ ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ተናደ። ሰው ከገባበት ገና ሁለት ወሩ ነበር። 18ኛው ፎቅ ላይ ነዋሪዋ ሻይ ልታፈላ ክብሪት ስትጭር ጋዝ ፈነዳ፣ አንዱ ግድግዳ ሲወጣ ሌላውን ይዞት ሄደ። 4 ሰው ሞተ። ያ ሕንፃ ልባስ ብቻ ሳይሆን ራሱ በተገጣጣሚ ሰሌዳ የቆመ ነው፣ ነገሩ ግን ያው ነው፣ መገጣጠሚያው። በፈረንጆች 1986 ሕንፃውን በየተራ ሲያፈርሱት በሲሚንቶ ሊሞሉ ይገባቸው የነበሩ መገጣጠሚያዎች ውስጥ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ አገኙ። ንድፉ ላይ ጋዜጣ የሚል የለም መቼም። ለዚህ ነው ከሾፕ ድሮዊንጉ ጋር የተሠራው የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ማስታወሻም፣ የተቀየረውም፣ የተሰረዘውም መቀመጥ ያለበት።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱቦ፣ ተራዞና የግድግዳ ሰሌዳ ያመርት የነበረ አንድ ግቢ አለ። ከተዘጋ ቆይቷል። ባለፈው ክረምት ያገለገለ ካሳፎርማ ፍለጋ ገብቼ ነበር። ካሳፎርማ አጣሁ። ቢሮ የነበረው ክፍል ጥግ ላይ ግን ጥቅል ወረቀት እንደ ሸንበቆ ተደርድሮ ቆሟል። ጣራው ያፈሳል።

«አያ፣ ይኼ የምን ጥቅል ነው?» አልኩት ዘበኛውን።

«የድሮ ፕላን ነው። አይጥ ልትጨርሰው ነው። ለእሳት እንኳ አይሆንም፣ ይጨሳል።»

መሞከሩን ከአነጋገሩ ገባኝ። ባለቤቱን ስልክ ደውለን አስፈቀድንና በባጃጅ ሁለት ጊዜ አመላለስኩት።

ቤት ወስጄ ስዘረጋው ወረቀቱ አንድ ዓይነት አልነበረም። ግልጽ ትሬሲንግ ፔፐር አለ፣ ሲደርቅ እንደ ብስኩት የሚሰበር። መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ የሆነ ብሉ ፕሪንት አለ፤ ዘዴው ከፈረንጆች 1842 ጀምሮ የነበረ ነው፣ ብርሃን ያደበዝዘዋል፣ ጨለማ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ በከፊል ይመለሳል። በአሞኒያ የሚታተመው ነጭ መደብ ያለውም አለ፤ ይኼኛው ብርሃን ይበላዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ወረቀት ያበላሻል። ስለዚህ እየለዩ ማስቀመጥ ነው። የተቀደደውን በስኮች መለጠፍ ክልክል፤ ስኮቹ ይደርቃል፣ ቢጫ ምልክቱ ግን አይለቅም። ከተቻለ አለመጠቅለል፣ ጠፍጣፋ መሳቢያ ውስጥ ማስተኛት። ከመሬትም ማራቅ፣ ምስጥ አለ።

እዚህ ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ይኼ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የገዳማቱ አባቶች ብራናውን በቆዳ ማኅደር ከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት ለጌጥ አይደለም፤ ከአይጥም ከርጥበትም ከፍ እንዲል ነው። ቢሮዎቻችንም ፋይልን እስከ ዛሬ «ማኅደር» ይሉታል። ስሙን ወስደን ጥንቃቄውን እዚያው ትተነዋል።

«ስካን አድርገህ ወረቀቱን ጣለው» ያሉኝ አሉ። ስካኑ ጥሩ ነው፣ አደርገዋለሁም። ነገር ግን ፍላሽ ይሞታል፣ ፋይሉን የሚከፍተው ፕሮግራም ይጠፋል። በስልክ የተነሳ ንድፍ ደግሞ ትንሽ ከተዛባ ሚሊ ሜትሩ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ ማንሳት ይሻላል፤ ያኔ ቢያንስ ውሸቱ ይታወቃል። ፋይሉንም «ምስል 0047» ብሎ መተው ዋጋ የለውም፤ የሕንፃው ስም፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ስንተኛው ማሻሻያ እንደሆነ ይጻፍበት። በተለይ የመጨረሻው። ሦስት ጊዜ የተሻሻለ ንድፍ የመጀመሪያው ብቻ ከተረፈ፣ ባይኖር ይሻል ነበር የሚያስብል ጣጣ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከጥቅሉ መሃል የዚያን ነጣ ያለች ሰሌዳ ያለችበትን ሕንፃ ንድፍ አገኘሁ። የሰሌዳዎቹ አቀማመጥ በአንድ ትልቅ ሉህ ላይ አለ፣ ከ1 እስከ 64። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከቀኝ ሁለተኛ፣ ቁጥር 38። በእርሳስ ተከቧል። ዳሩ ላይ፣ እርሳሱን ጫን ብሎ በሚጽፍ ሰው እጅ፣ እንዲህ ይላል፦ «ስትወርድ ተሰበረች። በሌላ አሸዋ ተሠርታለች። የላይኛው ብሎን ቀዳዳ ስለሰፋ ከ2 ወደ 4 ተቀይሯል።»

ከቀለሙ ይልቅ የመጨረሻዋ መስመር ነች የያዘችኝ። አንድ ቀን ያን ፊት ለማደስ መወጣጫ የሚያቆም ግንበኛ ሰሌዳ 38ን እንደ ሌሎቹ በሁለት ብሎን ታስራለች ብሎ ሁለቱን ፈትቶ መሳብ ይጀምራል። የሕንፃውን አስተዳዳሪ ኮፒ ይዤ ሄጄ አናገርኩት። ሉሁን አየ፣ ቀና ብሎ ሰሌዳዋን አየ፣ «ቀለም አልቆባቸው መስሎኝ ነበር» አለኝ።