የቦድሚን አውሬ ምንድን ነው?

«የቦድሚን አውሬ» የሚባለው፣ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል ውስጥ ቦድሚን ሙር በተባለው ድንጋያማና ረግረጋማ ገላጣ አምባ ላይ ይኖራል ተብሎ የሚወራለት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነብር የሚያክል አውሬ ነው። ስሙ የአንድ ቦታ ይሁን እንጂ ወሬው አገሩን ያዳረሰ ነው። ከኮርንዎል ጎን በዴቨን በኩል «የኤክስሙር አውሬ» አለ፤ ከለንደን በስተደቡብ ባለው የሰሪ አውራጃ ደግሞ በ1960ዎቹ «የሰሪ ፑማ» (ፑማ በአሜሪካ አህጉር የሚኖር ትልቅ የድመት ወገን ነው) ገናና ስለነበር የጎዳልሚንግ ከተማ ፖሊስ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1964 እስከ ነሐሴ 1966 ባለው ጊዜ 362 ጥቆማዎችን በመዝገቡ አስፍሯል።

ወሬውን ያልተለመደ የሚያደርገው የአገሩ ተፈጥሮ ነው። ዛሬ በብሪታንያ ምድር የሚገኘው ብቸኛ አገር በቀል የድመት ወገን በስኮትላንድ የቀረው የዱር ድመት ሲሆን፣ እርሱም ከቤት ድመት እምብዛም አይበልጥም። ሊንክስ የተባለው ከነብር የሚያንስ የድመት ወገን ከጠፋ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ ነብርም ፑማም የአገሩ እንስሳት አይደሉም።

በ1983 ሳውዝ ሞልተን አጠገብ የሚኖር አንድ ገበሬ በሦስት ወር ውስጥ ከመቶ በላይ በጎች እንደተገደሉበት በመናገሩ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች አልሞ ተኳሾችን ይዘው ኤክስሙር ላይ አድፍጠው ነበር። አንዳንዶቹ አንድ ነገር አየን ቢሉም የተገደለም የተያዘም አልነበረም። የቦድሚን ገበሬዎች አቤቱታ ከበረታ በኋላ ግን መንግሥት ከጠመንጃ ይልቅ መለኪያ ላከ። የእርሻ፣ የዓሣ ሀብትና የምግብ ሚኒስቴር ባለሙያዎች በ1995 ለስድስት ወር ያህል የተገደሉ ከብቶችን፣ ፎቶግራፎችንና የቪዲዮ ምስሎችን መረመሩ። የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላልና በእኔ ግምት ከጠቅላላው ታሪክ ሁሉ በላይ አስተማሪ ነው፤ አውሬው ቆሞበት ወደ ነበረው ቦታ ሄደው በሴንቲሜትር የተከፋፈለ ዘንግ አቆሙና ከምስሉ ጋር አነጻጸሩት። በምስሉ ላይ አስፈሪ ይመስል የነበረው ጥቁር አውሬ ከትከሻው ሲለካ 30 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም የቤት ድመት ቁመት ነው። ሪፖርቱ በሐምሌ ወር ሲወጣ፣ የአውሬውን መኖር የሚያረጋግጥ ማስረጃ እንዳልተገኘ፣ አለመኖሩን ማረጋገጥም እንደማይቻል ገለጸ።

ሪፖርቱ በወጣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ታዳጊ ከቦድሚን ሙር በሚነሣው በፎዊ ወንዝ ዳር ስለታም ጥርስ ያለው ትልቅ የራስ ቅል በማግኘቱ ሚኒስቴሩ የተዋረደ መሰለ። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግን የራስ ቅሉ በእርግጥም የወጣት ነብር መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ሁለት ነገሮችን ጨመረ፤ አጥንቱ ላይ የቢላ ምልክት ነበረበት፣ በውስጡም በብሪታንያ የማይገኝ የሞቃት አገር በረሮ የእንቁላል ከረጢት ነበር። ስለዚህ ነብሩ የሞተው በሌላ አገር ነው፤ የራስ ቅሉም ወደ እንግሊዝ የገባው ከነብር ቆዳ ምንጣፍ ጋር ሳይሆን አይቀርም።

አውሬዎቹ ከየት መጡ ለሚለው ጥያቄ፣ አውሬዎቹ አሉ ብለው የሚያምኑት ሰዎች የሚሰጡት መልስ ግን ፈጽሞ የማይረባ አይደለም። እስከ 1976 ድረስ በብሪታንያ ማንም ሰው አንበሳም ሆነ ነብር ገዝቶ ቤቱ ማኖር ይችል ነበር፤ በ1969 ሁለት ወጣቶች ለንደን ከሚገኘው የሃሮድስ መደብር የአንበሳ ደቦል ገዝተው አሳድገዋል። በ1976 የወጣው የአደገኛ የዱር እንስሳት ሕግ ፈቃድ ግዴታ ሲያደርግ፣ አንዳንድ ባለቤቶች እንስሶቻቸውን በየጫካው እንደለቀቁ ይነገራል። የጠፉ እንስሳት መኖራቸው ደግሞ ተረት አይደለም። በ1980 በስኮትላንድ ካኒክ አካባቢ አንድ ገበሬ ባዘጋጀው ወጥመድ ሴት ፑማ ተይዛለች፤ ፌሊሲቲ ተብላ በመካነ እንስሳት ከቆየች በኋላ ዛሬ ገላዋ በኢንቨርነስ ሙዚየም ይታያል። ሰው የለመደች ስለነበረች ግን ብዙዎች ዱር ውስጥ ለረጅም ጊዜ መኖሯን ይጠራጠራሉ። በ2001 ደግሞ በለንደን ክሪክልዉድ ሰፈር ሊንክስ ተይዟል።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ይቀላቀላሉ። አንድ ያመለጠ እንስሳ ለተወሰነ ጊዜ ሊዘዋወር ይችላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለሃምሳ ዓመት እየተራባ የሚኖር ዘር አለ ማለት ሌላ ነው። ነብር በመካነ እንስሳት እንኳ ከሃያ ዓመት ብዙም አያልፍም፤ በ1976 የተለቀቀ ሁሉ ሞቶ አልቋል። ዛሬ የሚታየው ልጅና የልጅ ልጅ ከሆነ ወንዶችና ሴቶች ሊገናኙ፣ ግልገሎች ሊያድጉ፣ ከእነርሱም ጥቂቶቹ መኪና በበዛበት በዚያ አገር ሊገጩ ይገባ ነበር። ነብር ከሰው ዓይን መሰወር እንደሚችል የኢትዮጵያ ገበሬም ያውቃል፤ ነገር ግን የተሰወረ ነብር ዱካውን፣ ኩሱንና አንገቱ ላይ ተነክሶ የታነቀ እንስሳ ጥምብ ትቶ ይሄዳል።

የቀለሙም ነገር ያጠራጥራል። ጥቁር ፑማ በአስተማማኝ ሁኔታ ተመዝግቦ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚታየው ጥቁር ከሆነ ገሰላ መሆን አለበት። ገሰላ በኢትዮጵያ ደጋም ሆነ በእስያ ደን በእርግጥ ያለ እንስሳ ነው፤ ይሁን እንጂ ከማላይ ልሳነ ምድር በስተቀር በአብዛኛው ቦታ ከነጠብጣቡ ነብር እጅግ ያነሰ ነው። በብሪታንያ ወሬ ውስጥ ግን ጥቁሩ ይበዛል። ጥቁር የቤት ድመት ደግሞ በየመንደሩ ሞልቷል፤ መጠኑን የሚያነጻጽሩበት አጥር ወይም በር በሌለበት ገላጣ መስክ ላይ፣ በተለይ በምሽት፣ ርቀቱን ያሳሳተ ዓይን መጠኑንም ያሳስታል። በነሐሴ 2012 ሴንት ኦሲት በተባለች የኤሴክስ መንደር አጠገብ አንበሳ ታየ ተብሎ ፖሊስ ሄሊኮፕተር አሰማርቶ ካሰሰ በኋላ ምንም አላገኘም፤ የታየው በአካባቢው የነበረ ትልቅ የሜይን ኩን ዝርያ ድመት ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። የበጎቹም ሞት እንዲሁ ነው፤ ውሻ የገደለውን ወይም በበሽታ የሞተውን ቀበሮና ቁራ ሲበሉት የገዳዩ ማንነት ከጥምቡ ላይ ይጠፋል።

አውሬዎቹ አሉ ለሚሉት ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ በ2024 የመጣው ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሌክ ዲስትሪክት ከተገኘ የበግ ጥምብ በተወሰደ ናሙና ላይ፣ በዋሪክ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ምርመራ አንበሳና ነብርን የሚያጠቃልለው ወገን ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱ ተገልጿል። ውጤቱ በቁም ነገር ሊታይ የሚገባው ነው፤ ሆኖም አንድ ናሙና አንድን ጥምብ ቢያስረዳ እንጂ ስለሚራባ ዘር ብቻውን አይመሰክርም።

እውነተኛ እንስሳ ሲኖር ምን እንደሚሆን በጥር 2025 ታይቷል። በስኮትላንድ ኬርንጎርምስ፣ ኪንጉሲ አጠገብ ያልታወቁ ሰዎች ያለፈቃድ ሊንክሶችን ለቀቁ። በመጀመሪያ የታዩት ሁለቱ፣ ከዚያም ሌሎች ሁለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሕይወት ተያዙ፤ አንዱ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሰው የለመዱ ስለነበሩ መያዛቸው ቀላል ሆኗል ቢባል እንኳ፣ ባለሙያዎቹ በእጃቸው ላይ ሥጋ፣ ፀጉርና ደም ነበራቸው፤ ቦድሚን ሙር ግን ከዚያ የምንጣፍ ነብር በቀር እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ አካል አልሰጠም።