የዓለም ጤና ድርጅት ከመምጣቱ በፊት ማን ነበር?

«በ1930ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅት ቻይናን ረዳ» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተመሠረተው በ1948 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው)። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረው የመንግሥታቱ ማኅበር (ከተባበሩት መንግሥታት በፊት የነበረው ሊግ ኦፍ ኔሽንስ) የጤና ድርጅት ነው። መቀመጫው ጄኔቫ ነበር፤ የሚመሩትም ፖላንዳዊው ሐኪም ሉድቪክ ራይክማን።

የማኅበሩ የጤና ድርጅት በየአገሩ የጤና አገልግሎት «አቋቋመ» ሲባልም ይሰማል፤ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ቃል ይመስለኛል። ይህ ድርጅት አገር ገብቶ የማዘዝ ሥልጣን አልነበረውም። መንግሥት ሲጠይቀው ባለሙያ ይልክ፣ ይመክር፣ በሥልጠና ያግዝ ነበር። ጎረቤት ቤት ሲሠራ ልምድ ያለው ግንበኛ እንደመላክ ነው። ቤቱ የጎረቤት ነው።

የቀድሞዋን ዩጎዝላቪያ እንይ። የአገሪቱን የጤና አገልግሎት ያደራጁት የራሷ ሰው፣ ዶክተር አንድሪያ ሽታምፓር ናቸው። በ1927 በዚያችው አገር በዛግሬብ ከተማ የተከፈተው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ግን በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ተሠራ። ፋውንዴሽኑ የአሜሪካ የግል ተቋም ነው፤ የማኅበሩ አካል አይደለም። ለማኅበሩ የጤና ሥራም ገንዘብ ይሰጥ ስለነበር ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

ሽታምፓር በአገራቸው ከሥልጣን ሲነሱ ማኅበሩ በባለሙያነት ቻይና ላካቸው። የሚገርመው፣ በ1948 የመጀመሪያውን የዓለም ጤና ጉባኤ (የዓለም ጤና ድርጅት የአባል አገሮች ስብሰባ) በፕሬዚዳንትነት የመሩት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ለማኅበሩ የጤና ድርጅት ሥራ የመንግሥት ፈቃድ የግድ ነበር፤ ይሄ አይለወጥም ነበር። ማን ምን ያህል ከፈለ የሚለው ግን ከአገር አገር ይለያይ ነበር።