«ሁለት ሰዓት በ40 ዓመት» ምንድን ነው?

የአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች በኮምፒውተር የሚታዘዝ የስልክ ማዞሪያ (ጥሪን ከደዋዩ ወደሚደወልለት ሰው የሚያገናኝ ማሽን) ሊሠሩ ሲነሱ ለራሳቸው ያስቀመጡት ግብ ነው። ማዞሪያው ጨርሶ ከሥራ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር በ40 ዓመት ውስጥ ከሁለት ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለዓመት ሲካፈል ሦስት ደቂቃ ይመጣል። ዛሬ የኔትወርክ ሰዎች «አምስቱ ዘጠኞች» የሚሉት 99.999 በመቶ እንኳ በዓመት ከአምስት ደቂቃ በላይ መጥፋትን ይፈቅዳል። ግቡ የተያዘለት ማሽን፣ ቁጥር 1 ኢኤስኤስ (የ«ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ ሥርዓት» የእንግሊዝኛ ምሕጻር)፣ በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒው ጀርሲ ውስጥ ሱካሱና በምትባል ከተማ ሥራ ጀመረ።

ቁጥሩ የሚቆጥረው የማዞሪያውን መውደቅ እንጂ የአንድን ጥሪ መቋረጥ አይደለም። መስመሩ የተቆረጠበት ሰው ተበሳጭቶ እንደገና ይደውላል፤ ማዞሪያው ከወደቀ ግን ከተማው በሙሉ ይዘጋል፤ እሳት አደጋ መጥራትም አይቻልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ማሽኑን ከሌላ ኮምፒውተር በተለየ ጠባይ አሳደጉት፤ ሲጨነቅ ጥቂት ጥሪ ጥሎ ራሱን ያድናል።

መጀመሪያ የመጣው መፍትሔ ሁሉንም ነገር ሁለት ማድረግ ነበር። ሁለት ሰዎች አንድን ሒሳብ ለየብቻ እየደመሩ በየመስመሩ መልሳቸውን እንደሚያስተያዩ፣ የቁጥር 1 ኢኤስኤስ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎችም አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ እየሠሩ ውጤታቸውን ያመሳክራሉ። ጥሪውን የሚያስተናግደው አንዱ ነው፤ ሌላው ተጠባባቂ ነው። መልሳቸው ሲለያይ ሥራው ለቅጽበት ይቆምና ስህተት ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም ይነሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ምስክር ሲጣላ መለያየታቸው ይታወቃል፤ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። ፕሮግራሙ በሺህኛ ሴኮንድ በሚቆጠር ጊዜ ውስጥ መርምሮ አንዱን ማሰናበት አለበት። ጤነኛውን አሰናብቶ ሕመምተኛውን ካስቀረ፣ ሁለት መሆኑ ምንም አልጠቀመም።

ሌላው ዘዴ ደረጃ በደረጃ ማገገም ነው። ኦዲት የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞች ያለማቋረጥ መዝገቡን ይፈትሻሉ፤ «ተይዟል» ተብሎ የተመዘገበ ግን ማንም የማይነጋገርበት መስመር ካገኙ ነፃ ያወጡታል። ያ ካልበቃ ገና በመደወል ላይ ያሉ ጥሪዎች ይጣላሉ፤ የተጀመረ ንግግር አይነካም። ሁሉም ካልሆነ ብቻ ማሽኑ ከዜሮ ይነሳል። በዚህ ማሽን ድምፅ የሚያልፈው በመግነጢስ በሚጋጠሙ የብረት ንክኪዎች ነው፤ አንዴ ከተጋጠሙ ኤሌክትሪክ ሳይፈልጉ ተጋጥመው ይቆያሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ቢደነዝዝም በመነጋገር ላይ ያሉ ሰዎች ላያውቁት ይችላሉ። ከኋለኞቹ ዲጂታል ማዞሪያዎች ይልቅ ይህችን አሮጌ ብልሃት አደንቃታለሁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ማዞሪያዎች ይወድቁ ነበር። ከቤል ላብራቶሪ መሐንዲሶች አንዱ የሆነው ዊንግ ቶይ በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ የመውደቂያ ምክንያቶቹን ድርሻ አስቀምጧል፦ የዕቃ ብልሽት 20 በመቶ፣ የፕሮግራም ስህተት 15 በመቶ፣ የሠራተኛ የአሠራር ስህተት 30 በመቶ። ትልቁ ድርሻ፣ 35 በመቶ፣ የማገገሚያው ጉድለት ነው። ማሽኑን ሊያድን የተሠራው ክፍል ከሁሉም በላይ ይጥለዋል ማለት ነው።

የርቀት ጥገና ከሠላሳ በመቶው፣ ከሠራተኛው ስህተት፣ ጋር የተያያዘ ነው። እምብዛም የማይበላሽ ማሽን አጠገቡ የቆመውን ቴክኒሻን ያደነዝዛል፤ ብልሽት የሚያየው አልፎ አልፎ ስለሆነ በቀኑ ሲመጣ እጁ ይንቀጠቀጣል። የላብራቶሪው ባለቤት የሆነው የቤል ስልክ ድርጅት በ1970ዎቹ ልምድ ያላቸውን ሰዎች በአንድ ማዕከል ሰብስቦ የብዙ ማዞሪያዎችን የማስጠንቀቂያ መልእክት በመስመር ወደ እነሱ አመጣ። የማዕከሉ ሰው ትእዛዝ ይልካል፣ ምርመራ ያስጀምራል፣ የተጠረጠረውን ክፍል ከሥራ ያወጣል። ምርመራው የሚያወጣው ቁጥር ከብልሽት መዝገብ ጋር ተመሳክሮ የትኞቹ ካርዶች (ተነቃይ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች) እንደሚጠረጠሩ ይነገራል። ሰው ወደ ሕንፃው የሚሄደው ካርዱን ለመቀየር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ፕሮግራም በየቦታው ሲጫን ስህተቱም በየቦታው ይጫናል። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ኒው ዮርክ የሚገኝ አንድ የአሜሪካው ስልክ ኩባንያ የኤቲ ኤንድ ቲ የረጅም ርቀት ማዞሪያ ትንሽ እክል ገጥሞት በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን አስነሳና ወደ ሥራ መመለሱን ለጎረቤቶቹ አሳወቀ። ጎረቤቶቹ ይህን መዝግበው ሳይጨርሱ ሁለተኛ መልእክት ሲደርሳቸው፣ ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ በተጫነ ፕሮግራም ውስጥ ያለች አንዲት ያለቦታዋ የገባች ትእዛዝ መረጃቸውን አበላሸችባቸው። እነሱም ራሳቸውን አስነሱ፣ እነሱም «ተመልሻለሁ» አሉ። 114ቱ ማዞሪያዎች ለዘጠኝ ሰዓት ያህል እርስ በርስ ሲጣጣሉ ዋሉ። ተጠባባቂ ኮምፒውተር ነበራቸው፤ ግን እሱም ያንኑ ፕሮግራም ነበር የሚሠራው። መሐንዲሶቹ በመጨረሻ ያረጋጉት በማዞሪያዎቹ መካከል የሚመላለሰውን የመልእክት ጫና በመቀነስ ነው።

ሌላው አደጋ ከበሩ ነው የሚገባው። ማዞሪያ ለጥገና እንዳይቆም፣ እየሠራ እያለ ፕሮግራሙ እንዲቀየር ተደርጎ ይሠራል። የስዊድኑ ኩባንያ የኤሪክሰን ማዞሪያ፣ ኤኤክስኢ፣ም እንዲሁ ነው። በ2004 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በዚሁ መንገድ በሞባይል ስልክ ኩባንያው በግሪኩ ቮዳፎን ማዞሪያዎች ላይ ድብቅ ፕሮግራም ጫኑ፤ ማሽኑ ሳይቆምና ሳይነሳ። የወቅቱን የግሪክ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮስታስ ካራማንሊስን ጨምሮ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲያወሩ ንግግራቸው ወደ ሌሎች ስልኮች ይገለበጥ ነበር፤ ፕሮግራሙም ኦፕሬተሮች ዝርዝር ሲጠይቁ ራሱን ይሰውር ነበር። ለወራት ማንም አላየውም። የታወቀው ሰርጎ ገቦቹ እንደ ማንኛውም የጥገና ሠራተኛ በጃንዋሪ 2005 ፕሮግራማቸውን ሲያድሱ ነው፤ እድሳቱ የጽሑፍ መልእክቶችን አስተጓጎለ፣ ኩባንያው ስለ ጠፉት መልእክቶች ኤሪክሰንን ጠየቀ፣ ኤሪክሰንም ሲመረምር ያልጻፈውን ፕሮግራም አገኘ።