ያልተለመዱ የቁጥር ቤዞች እና ሙሉ ቁጥሮች እዚያ ላይ የሚያሳዩት ጸባይ

ሁላችንም ቁጥር የምንጽፈው አስርን ቤዝ አድርገን ነው (ቤዝ ማለት አንድ ቦታ በስተቀኙ ካለው ቦታ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚወስነው ቁጥር ነው)፣ ኮምፒውተር ደግሞ ሁለትን፣ ግን ቤዝ የግድ ፖዘቲቭ መሆን የለበትም፣ አሃዞቹም የግድ ከዜሮ መጀመር የለባቸውም። ቤዙ ሲቀየር ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፣ በአስር ስንጽፈው የማይታየን ጸባዩ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ኔጌቲቭ ቤዝን ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በኔጌቲቭ አስር ቦታዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ -10፣ 100፣ -1000 እያሉ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ 22 የሚጻፈው 182 ተብሎ ነው (100 ሲቀነስ 80 ሲደመር 2)፣ -15 ደግሞ 25 ይሆናል፣ የመቀነስ ምልክት የሚባል ነገር አያስፈልግም። ከዜሮ በስተቀር የአሃዞቹ ብዛት ኢተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ ፖዘቲቭ፣ ተጋማሽ ከሆነ ኔጌቲቭ ነው። በተለመደው አስር አሃዞቹን ደምረን ለ9 መካፈሉን እናረጋግጥ የለ? እዚህ ያው ዘዴ ለ11 ይሰራል፦ 1+8+2 ስንደምር 11፣ በቃ 22 ለ11 ይካፈላል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያምረው ግን ሚዛናዊ ሶስትዮሽ ነው። ቤዙ 3 ሆኖ አሃዞቹ 1፣ 0 እና ኔጌቲቭ 1 ናቸው፣ የመጨረሻውን እዚህ "ቀ" ብዬ ልጻፈው። 5 ማለት 1ቀቀ ነው፣ 9 ሲቀነስ 3 ሲቀነስ 1። -5 ከፈለግክ እያንዳንዱን አሃዝ ገልብጠው፣ ቀ11። ዜሮ ያልሆኑት አሃዞች ብዛት ኢተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩም ኢተጋማሽ ነው፣ ምክንያቱም የ3 ፓወሮች ሁሉ ኢተጋማሽ ናቸው። በሚዛን ሲታይ ደግሞ በጣም ግልጽ ነው፤ 1፣ 3፣ 9 እና 27 ኪሎ ድንጋዮች ብቻ ካሉህ ከ1 እስከ 40 ኪሎ ያለውን ሁሉ ትመዝናለህ፣ 5 ኪሎ ለመመዘን 9ኙን በአንድ በኩል፣ 3 እና 1ን ከዕቃው ጋር ታደርጋለህ። ፈረንሳዊው ባሼ ይሄን ጥያቄ በ1612 አሳትሞታል።

እንግሊዛዊው ቶማስ ፋውለር በ1840 በዚሁ ስርዓት የሚያሰላ የእንጨት ማሽን ሰራ፣ ከዚያ በ1958 ሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኒኮላይ ብሩሴንትሶፍ የመራው ቡድን ሴቱን የተባለውን ኮምፒውተር ሰራ፣ ወደ 50 የሚጠጉ ተመርተዋል። ቁጥሩን በ18 አሃዝ ስለሚይዝ ከ-193,710,244 እስከ 193,710,244 ያለ ምንም የምልክት ዘዴ ይገባል፣ ይሄን የመሰለ ንጹህ ስራ ከሚገባው በታች ነው የሚወሳው። ሶስትን ቤዝ ማድረግ ቁጥር ለመጻፍ ከሁለት የበለጠ ይቆጥባል የሚባለው ግን አቆጣጠሩ ላይ የተመሰረተ ነው፣ የአሃዝ ብዛትን በቤዙ አባዝተን ካሰብን በአብዛኛው እውነት ነው።

በፋክቶሪያል ቤዝ ቦታዎቹ 1፣ 1×2፣ 1×2×3፣ 1×2×3×4፣ ማለትም 1፣ 2፣ 6፣ 24 ናቸው፣ 23 ስለዚህ 321 ይሆናል (18 ሲደመር 4 ሲደመር 1)፣ ነገሮች ሊደረደሩ የሚችሉባቸውን ቅደም ተከተሎች በቁጥር ለመለየት ይጠቅማል። ዜከንዶርፍ በ1972 ያሳተመው ደግሞ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥር ጎን ለጎን ካልሆኑ የፊቦናቺ ቁጥሮች (1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያሉ እያንዳንዱ ከፊቱ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነባቸው) ድምር በአንድ መንገድ ብቻ እንደሚገኝ ነው፣ 100 ማለት 89፣ 8 እና 3።

በ1957 ጆርጅ በርግማን ገና ልጅ ሳለ ቤዙን ወርቃማው ሬሾ፣ 1.618... አደረገው። ቤዙ ራሱ ማለቂያ የሌለው ኢራሽናል ሆኖ ሳለ ሙሉ ቁጥሮቹ ግን ሁሉም ያልቃሉ፣ 2 ሲጻፍ 10.01 ነው (1.618... ሲደመር 0.381...)፣ 3 ደግሞ 100.01።