የጨው ሊጥ ምንድን ነው?

የጨው ሊጥ ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ የሚለወስ፣ ለመብል ሳይሆን ለቅርጻ ቅርጽ የሚሆን ሊጥ ነው። ትንንሽ ምስሎች፣ የሚንጠለጠሉ ጌጦችና የልጆች መጫወቻዎች ይሠሩበታል፤ ሲደርቅ እንደ እንጨት ስለሚጠነክር ቀለም ይቀባል። የተለመደው ልክ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ የደቀቀ ጨውና እስከ 1 ኩባያ የሚደርስ ውሃ ነው። ውሃው በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። እርሾ ወይም ቤኪንግ ፓውደር የገባበት ዱቄት ፈጽሞ አይሆንም፤ በጥንቃቄ የተቀረጸ ፊት ምድጃ ውስጥ ያብጣል።

ያን ሁሉ ጨው ምን አመጣው? ዱቄትና ውሃ ብቻቸውን ቢሆኑ ምስሉ ገና ሳይደርቅ ሊሻግት ይችላል። ጨው ውሃውን ስለሚይዘው ሻጋታ የሚያድግበት እርጥበት ያጣል። ይኸው ጨው ግን ጣጣም አለው፦ ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ የደረቀውን ምስል መልሶ ያለሰልሰዋል። በዚህ ሥራ የሚደርሰው ብልሽት አብዛኛው ከውሃ የሚመጣ ነው።

ሊጡ 10 ደቂቃ ያህል በደንብ ታሽቶ ትንሽ ሲያርፍ ለመቅረጽ ይመቻል። ወፍ ትሠራላችሁ እንበል። ክንፉ የሚለጠፍበትን ቦታ በቢላዋ ጫፍ ጫር ጫር አድርጉና በእርጥብ ብሩሽ ነክታችሁ ክንፉን ተጫኑት፤ በደረቁ የተለጠፈ ክንፍ ሲደርቅ ይወድቃል። ለበግ ጸጉር ደግሞ ሊጡን በሻይ ማጥለያ ወንፊት ብትጫኑት ቀጫጭን ክር ሆኖ ይወጣል። ክሩን በጣት መንካት ይደፈጥጠዋልና በቢላዋ ጫፍ አንስታችሁ አስቀምጡት። ከዚህ ሥራ ሁሉ ለእኔ የሚጥመው ይህ ነው። ወፍራም ምስል ውስጡ ቶሎ ስለማይደርቅ፣ ከመሃሉ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ማስገባት ይረዳል።

ማድረቂያው ዝግ ያለ ሙቀት ነው፤ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። ስስ ጌጦች ከ2 እስከ 3 ሰዓት ሊበቃቸው ይችላል፤ ወፍራሞቹ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የቸኮለ ሰው እሳቱን ሲጨምር ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከውስጥ የታፈነው እንፋሎት ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። በአየር ብቻ ማድረቅም ይቻላል፤ ግን እየተገላበጠ ቀናት ይወስዳል። መድረቁን ለማወቅ ጀርባውን በጥፍር ተጫኑት፤ ከሰረጎደ ገና ነው።

ቀለሙ የሚቀባው ምስሉ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አክሪሊክ የሚባለው፣ ቶሎ የሚደርቅ የሥዕል ቀለም ይመረጣል፤ በብዙ ውሃ የቀጠነ ቀለም ላዩን ያሟሟዋል። መጀመሪያ ሰፋፊው ቦታ በስሱ ይቀባል፤ እሱ ሲደርቅ ዓይንና አፍን የመሰለው ጥቃቅን ነገር በቀጭን ብሩሽ ይከተላል። ሁሉንም ቦታ ቀለም ማልበስ ግን ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም የሊጡ የራሱ ፈዛዛ ቡናማ መልክ እዚህም እዚያም ሲታይ ምስሉ ያምራል። በመጨረሻ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ጀርባውም፣ የክር ማስገቢያው ቀዳዳም ሳይቀር፣ ምክንያቱም እርጥበት በተረሳው በኩል ይገባል።

ጥሬውም ሆነ የደረቀው ሊጥ ከሕፃናት አፍና ከውሻ ይራቅ። በውስጡ ያለው ጨው ውሻን እስከ ሞት ሊመርዝ ስለሚችል፣ ከበላ ወዲያውኑ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።