የምንፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ፦ ትንንሽ ልጆችን ይዞ ጎጃምን ማየት

ቅዳሜ ማታ ነበር። በማግስቱ ልጆቹን ይዘን ባሕር ዳር ያለው ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ልንወጣ አስበን አገልግሉን እያሰናዳሁ ነው። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችኝ። «ይህን ሕፃን ነፋስ ልታስመቺው ነው?» አለች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ስጋት ነው ያለው። እኔንም ያሳደገችኝ እንደዚሁ እየሰጋች ነው።

እኔም ብዙ ጊዜ ሰግቼ ቀርቻለሁ። አሁን ትልቋ ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሁለት። ከእነሱ ጋር ጣና ዳር፣ ዘጌ፣ ዘንገና፣ ጮቄ ተራራም ድረስ ሄጃለሁ። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ነገር ቀስ እያለ ገባኝ። ልጆቻችንን አብዝተን የምንጠብቃቸው ከማይጎዳቸው ነገር ነው። የሚጎዳቸውን ደግሞ ሳናየው እናልፋለን። ስለዚህ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከራሴም አፍ ሲወጡ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ትንሽ ልጅ ምን ይገባዋል? ሲያድግ ያየዋል»

እውነት ነው፣ ትንሹ ልጄ ሲያድግ ይህን ቀን አያስታውሰውም። ዛሬ ጠዋት የበላውን ገንፎም አያስታውሰውም። ገንፎው ግን አጥንት ይሆነዋል። መውጣቱም እንደዚያ ነው። ወጣ ገባ መሬት ላይ የሚሮጥ ልጅ ሚዛኑን መጠበቅ ይማራል፤ ይህ ሳሎን ምንጣፍ ላይ አይገኝም። ቃልም ይማራል። ትልቋ «ጉማሬ» የሚለውን ቃል ከሥዕል መጽሐፍ ታውቀው ነበር። ከታች ዓባይ ውስጥ ጥቁር ድንጋይ የመሰላት ነገር ድንገት ሲንቀሳቀስ ግን ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እጄን ጨበጠችኝ። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ገላዋን በታጠበች ቁጥር ጉማሬ ሆነች።

«ነፋስ ይመታዋል፣ ብርድ ይይዘዋል»

ይህ የእናቴ ነው፤ የብዙዎቻችንም ነው። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ይከፈት አይከፈት እያልን ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀናል? ጉንፋን የሚያመጣው ግን ነፋስ አይደለም፤ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው ይበልጡን ሰው በታጨቀበት፣ አየር በማይገባበት ቦታ ነው። ከጉንፋን የሚርቀው በር ተዘግቶ እንግዳ ሲሳሳመው የዋለው ልጅ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ሲሮጥ የዋለው ነው።

ብርድ አይጎዳም ማለቴ ግን አይደለም። ጮቄ ላይ በደንብ ይጎዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ዳር በካናቴራ የወጣ ልጅ እዚያ ሲደርስ ወደ 14 ዲግሪ ያህል የቀዘቀዘ አየር ይጠብቀዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ትንሹን በአንቀልባ አዝዬ ዳገት እየወጣሁ ነበር። አላበኝና ጋቢዬን አውልቄ ለባለቤቴ ሰጠሁት። እኔን ስለሞቀኝ እሱንም የሞቀው መሰለኝ። ዝም ሲል ደግሞ ተኝቷል አልኩ። ሳወርደው እግሮቹ ከአንቀልባው ወጥተው ተንጠልጥለዋል። አንዱ ካልሲ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። የእግሩ ጣቶች በረዶ ሆነዋል። ዳገት የሚወጣው ሰው ሰውነቱ ይሠራል፣ ይሞቀዋል። የታዘለው ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። ለካ ሁለታችንም አንድ ተራራ ላይ ብንሆንም የአየር ጠባያችን ለየቅል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሩብ ሰዓቱ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ እግሩንና አንገቱን እዳስሳለሁ።

ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይሻላል፤ ሲሞቀው አንዱን ታወልቁለታላችሁ። ላብ ወይም ዝናብ ያረጠበው ልብስ ደግሞ ወዲያው ይቀየር። ከነፋሱ ይልቅ ልጁን የሚያቀዘቅዘው ሰውነቱ ላይ የቀረው እርጥብ ልብስ ነው።

«ዛሬ ደመና ነው፣ ፀሐይ አይነካውም»

ደመና ሙቀቱን ይቀንሳል እንጂ ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን ጨረር ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ይህ ጨረር ይጨምራል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ጮቄ ላይ ብርድ ስለሆነ ማንም ስለ ፀሐይ አያስብም፤ ማታ ግን የልጁ ጉንጭና አፍንጫ ቀልቶ ይታያል። ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ አድርጉለት። ቫዝሊንም ሆነ ቅቤ ከፀሐይ አይከላከልም። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ፈልጉ።

«ዳር ዳሩን ቢንቦጫረቅ ምን ይሆናል?»

ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ይህኛው ነው። ጣና ዳር ስንቀመጥ «ጥልቁ እንጂ ዳሩ አያሰጋም» እንላለን። ለትንሽ ልጅ ግን ዳሩ ነው የሚያሰጋው።

አንደኛው ምክንያት ቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች የሚኖሩት ሣርና ደንገል ባለበት፣ ውሃው ረጋ ባለበት ዳርቻ ነው። ከእነሱ የሚወጣው ጥገኛ ተሕዋስ በዓይን አይታይም። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ቆዳን በስቶ ይገባል። የጣና ዙሪያ ደግሞ በሽታው ያለበት አካባቢ ነው። ምልክቱ በዕለቱ አይመጣም፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ልጁ ከወር በኋላ ሆዱን ሲያመው ወይም ሰገራው ደም ሲቀላቅል ማን ያንን እሑድ ያስታውሳል? ስለዚህ ልጃችሁ ሐይቁ ውስጥ ገብቶ ከነበረ ለጤና ባለሙያው ይህንኑ ንገሩ። መድኃኒት አለው፣ ይድናል።

ሁለተኛው መስጠም ነው። ልጅ ሲሰጥም ይጮሃል፣ እጁን ያወናጭፋል ብለን እንጠብቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን ድምፅ የለውም። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ በግንባሩ ከተደፋ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃም ይበቃዋል። «እያየሁት ነው» አይበቃም። እጃችሁን ስትዘረጉ የምትይዙት ርቀት ላይ ሁኑ፤ ስልኩም ኪስ ይግባ። ብዙ ሰው ሲኖር ደግሞ ሁሉም ሌላው የሚያይ ይመስለዋል። እኛ ቤት አሁን በስም ነው የምንቀባበለው። «ከአሁን ጀምሮ አንተ ነህ የምታየው» እለዋለሁ ባለቤቴን፤ «እሺ» ሳይለኝ አልነሳም።

ዘንገና ደግሞ ከጣና በጣም ይለያል። ጣና በጥልቁ ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ዘንገና ግን የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ100 ሜትር በላይ ነው። ዳር የሚባል ለመንቦጫረቅ የሚሆን ነገር የለውም። ዙሪያው ደን ነው፣ ለዓይን እጅግ ያምራል። ልጅን ይዛችሁ ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ ቁልቁል ስትወርዱ እጁን አትልቀቁ።

ጀልባ ከተሳፈራችሁ ተንሳፋፊ ጃኬቱ በልጁ ልክ መሆኑን እዩ። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውሃ ላይ ሾልኮ ይወጣል። በልኩ ከሌለ ሌላ ጀልባ ጠይቁ ወይም ቀኑን ለውጡ። ጠዋት ሂዱ፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ጣና ይናወጣል።

«ከተማ ውስጥ ወባ የለም»

አለ። በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው፤ ባሕር ዳርም ከዚያ በታች ናት። ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት ጀምሮ ስለሆነ ጀምበር ሳትጠልቅ ከውሃው ዳር ተነሱ። ጉማሬም ሣር ለመጋጥ ከውሃ የሚወጣው በዚያው ሰዓት ነው።

«ከምንጭ የወጣ ውሃ ንጹህ ነው»

ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫ ሁሉም ከጮቄ ነው የሚነሱት። ውሃው ጥርት ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ያስጎመጃል። ነገር ግን ከላይ ከብት ይሰማራል፣ ሰው ይኖራል። ጥራቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ውሃ ከቤት ያዙ። እዚያው ማፍላት ካለባችሁ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ቆዩበት፤ ተራራ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። ግሽ ዓባይ ላይ ጠበሉን በእምነት የሚቀበል ሰው አለ፤ ያንን አልነካም። የምለው መንገድ ላይ ስለምናገኘው ጅረት ነው።

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ፀሐይ ነው ተብሎ ውሃ አይሰጠውም። ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጡት፤ ውሃውም ምግቡም እሱ ውስጥ አለ።

«የከፍታ ሕመም የፈረንጅ ነው፣ እኛ ደገኞች ነን»

እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ሰውነት የሚለምደው ግን የሚኖርበትን ከፍታ ነው። ባሕር ዳር ያደገ ልጅ በአንድ ጠዋት 4,000 ሜትር ሲደርስ የሚያገኘው ኦክስጅን በጣም ይቀንሳል። አዋቂ «ራሴን አመመኝ» ይላል። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን መናገር አይችልም። ይነጫነጫል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ያስመልሰዋል፣ የወትሮ ጨዋታውን ይተዋል። እኛ ደግሞ «እንቅልፉ መጥቶ ነው» እንላለን። እንዲህ ካያችሁት መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ትንሽ ይረፍ ብሎ እዚያው መቆየት አይደለም። ጮቄን ለጥቂት ሰዓት አይታችሁ፣ ጅብራና ጓሳ የሚባሉትን የደጋ ዕፅዋት አሳይታችሁ፣ ለአዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ውረዱ። ሳል የያዘውን ወይም የልብ ችግር ያለበትን ሕፃን ግን ወደዚያ አታውጡ።

«ለመንገድ ቆሎ የመሰለ ነገር የለም»

ለአዋቂ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ቆሎ፣ ለውዝና ሽንብራ ከአደገኞቹ ምግቦች ውስጥ ናቸው። ልጁ ገና የሚፈጭበት መንጋጋ በደንብ አልወጣለትም። መኪናው ይነጥራል፣ ልጁ ይስቃል፣ አንዷ ፍሬ ወደ አየር ቧንቧው ትገባለች። ልጁ እያሳለ ከሆነ ይሳል፤ ጀርባውን አትምቱት፣ ጣታችሁንም ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። ማሳል፣ ማልቀስ፣ መተንፈስ ካቃተው ግን ወደ ፊት ደፋ አድርጋችሁ በሁለቱ ትከሻዎቹ መሐል በመዳፋችሁ አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱት፤ ወዲያውም እርዳታ ጥሩ።

እኔ አሁን የምይዘው ድፎ ዳቦ፣ የበሰለ ድንች፣ ሙዝና በሶ ነው። ዶሮ ወጥ ባሕር ዳር ሙቀት ላይ አገልግል ውስጥ እስከ ከሰዓት ከዋለ ለልጅ አልሰጠውም። እናቴ አሁንም ቆሎ ትቆላለች። ለትንሹ ግን ፈጭታ በበሶ መልክ ነው የምታዘጋጅለት፤ ይህን ያደረገችው በራሷ ነው።

«የጣና ገዳማት ሴት አያስገቡም»

ሁሉም አይደሉም። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት አይፈቀዱም። ዘጌ ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ቤተሰብ ሁሉ ይገባባቸዋል። ወደ እነሱ የሚያስኬደው መንገድ በቡና ደን ውስጥ ስለሚያልፍ ጥላ ነው፤ ለልጅ እግር ይመቻል።

«ጫፍ ካልደረስንማ ምኑን ሄድነው?»

ይህ የባለቤቴ ነበር። ጢስ ዓባይ ሄደን ፏፏቴው ፊት ለፊት ካልደረስን ጉዞው የባከነ ይመስለው ነበር። ፏፏቴውም ቢሆን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ በበጋ ይሳሳል። ሞልቶ ማየት የፈለገ በመስከረምና በጥቅምት ይሂድ፤ መንገዱ ያኔ ጭቃ ስለሚሆን የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ። ከከተማ ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ከዚያ የመጣ ሹፌር ስለ መንገዱ ጠይቁ። መልሱ ካላረካችሁ ቅርብ ያለው ይበቃል። ለልጅ ቅርብና ሩቅ የሚባል ነገር የለም።

ያን እሑድ ቤዛዊት የወጣነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ትንሹ ቁጢጥ አለ። ጉንዳኖች በሰልፍ መንገዱን እያቋረጡ ነበር። አንዱ ከራሱ የሚበልጥ የሣር ፍሬ ተሸክሟል። ልጄ ጣቱን ከሰልፉ ጎን አድርጎ እንደ እነሱ ቀስ እያለ ይከተላቸው ጀመር። ባለቤቴ ሰዓቱን አየ። ከዚያ አገልግሉን አወረደና አጠገቡ ተቀመጠ። ሽቅብ ቀና ብዬ ኮረብታውን አየሁት፤ ብዙም አልቀረንም ነበር። ድፎውን እዚያው ቆረስን።