የተግባር ማህበረሰብ ምንድን ነው?

ጅማ ዙሪያ ካሉት የቡና ማጠቢያዎች በአንዱ ሥራ ስጀምር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጡ የተሰበረውንና የነቀዘውን ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ቆምኩ፣ በቃ። እጄ ይለቅማል፣ ዓይኔና ጆሮዬ ግን የተፈለፈለው ቡና ሙልጭልጩ እስኪለቅ የሚቆይበት ማብላያው ገንዳ ጋ ነበሩ። የገንዳው ኃላፊ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ እጃቸውን ከተው ቡናውን ያሹታል፤ ሙልጭልጭነቱ ለቆ እንደ ጠጠር ሲሻክር "ደርሷል፣ እጠቡት" ይላሉ። ስንት ሰዓት ይፈጃል ስላቸው "እንደ ብርዱ ነው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ሲሞቅ ይፈጥናል፣ ሰዓት አይቶ ብቻ ማወቅ አይቻልም። አንድ ቀን "ና እስቲ፣ እጅህን ክተት" አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነክቼው እንኳ ምን እንደምፈልግ አውቅ ነበር፣ ስንት ጊዜ ሲሉት ሰምቻለሁ!

ይሄ ነገር ስም አለው። አንድ ሥራ አብረው እየሠሩ፣ ስለሥራው እያወሩ፣ በዚያው የሚማማሩ ሰዎች የተግባር ማህበረሰብ ይባላሉ። ስያሜውን በ1991 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ጂን ሌቭና ኤቲየን ዌንገር ናቸው። አንትሮፖሎጂስቷ ሌቭ ላይቤሪያ ውስጥ ልብስ ሰፊዎችን አጥንተዋል። እዚያ ለማጅ መጀመሪያ ቁልፍ ይተክላል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ ቅድ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። ስፌት ቢበላሽ ይተረተራል፤ ያለቦታው የተቆረጠ ጨርቅ ግን አለቀለት።

የኛም ማጠቢያ እንደዚያው ነው። አንድ መጥፎ ፍሬ ቢያመልጠኝ ከጎኔ ያለችው ታነሳዋለች። ገንዳ ሙሉ ቡና ካለፈበት ግን ይኮመጥጣል፣ መመለሻም የለው። አዲስ ሰው ዳር የሚቆመው ለዚህ ነው፣ ግን ሁሉን ከሚያይበትና ከሚሰማበት ዳር።

ሰው ቡና ላይ ተሰብስቦ ሲያወራ ሥራ ፈታ ብለው የሚበትኑ አለቆች ያሳዝኑኛል። አሜሪካ ውስጥ የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞችን ያጠናው ጁሊያን ኦር ያየው፣ መመሪያው ላይ የሌለውን ብልሽት የሚማማሩት ምግብ ላይ በሚያወሩት ወሬ መሆኑን ነው። እኛም ከአቦል እስከ በረካ የምናወራው ስለ ገንዳው ነበር።

መጥፎ ልማድም በዚሁ መንገድ ይወረሳል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። እሸት ሲበዛና ቦታ ሲጠብ አልጋው ላይ አወፍሮ ማስጣትን የተማርኩት ከነዚያው ጎበዞች ነው፣ ቡናው እንደሚሻግት እያየን እንኳ። ያስተወችን ከሌላ ማጠቢያ የመጣች ሴት ናት፤ ምንም ሳትናገር የራሷን አልጋ አሳስታ አሰጣች፣ እኛም ቀስ በቀስ ተከተልናት።